እስከ ታኅሣሥ 23 የሚሠራ ስልክ

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይህን ደብተር ከቢሮ ነው ያመጣሁት። ሽፋኑ ላይ «የገቢ ደብዳቤ መመዝገቢያ» ይላል። ሃያ ስድስት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ያልጻፈውን ነገር አያምንም፤ እኔም የሚሆነውን ልመዝግብ ብያለሁ።

ዛሬ ጠዋት አፑን ስከፍት ጽሑፍ ወጣ፦ «ከጃንዩወሪ 1 ጀምሮ ይህን ስልክ አንደግፍም።» አንደግፍም ማለት አይሠራም ማለት ነው። ጃንዩወሪ 1 በእኛ ታኅሣሥ 23 ነው፤ ሐሙስ ይውላል። ሰባ ሰባት ቀን ቀርቶታል።

ልጄ ሃኒ አረብ አገር ከሄደች ዓመት ከአምስት ወር ሆናት። በገባች በሳምንቱ ማዳሟ ስልኳን ወሰደችባት። በቃሏ የያዘችው ቁጥር አንድ ብቻ ነው፣ የዚህ ስልክ ቁጥር። ካገኘችው ሰው ስልክ ተበድራ በአፑ ትደውላለች፣ ካልተመቻት ድምፅ ትልካለች፣ ከዚያ አጥፍታ ለባለቤቱ ትመልሳለች። «በመጣው ቁጥር መልሰሽ እንዳትደውዪ፣ ያበደሩኝን ሰዎች ጣጣ ውስጥ ትከቻቸዋለሽ» ብላኛለች።

አዲስ ስልክ ግዢ ይሉኛል። እሱስ ባልከፋ። አፑ አዲስ ስልክ ላይ ሲጫን ኮድ ይልካል፤ ኮዱ የሚመጣው በዚያው ቁጥር ነው፤ መስመሩ ደግሞ በሟቹ ባለቤቴ በሸዋንግዛው ስም ነበር። ምዝገባው ሲታደስ ባለቤቱ ይምጣ ተባለ። ባለቤቱ ከተቀበረ ሁለት ዓመት አልፎታል። የወራሽነት ማስረጃ አምጪ አሉኝ፤ ነገ ዛሬ ስል ሐምሌ ላይ መስመሩ ተዘጋ። አፑ ግን የመስመሩን መዘጋት አልሰማም፤ በዚህ አሮጌ ስልክ ውስጥ፣ በጎረቤቴ ዋይፋይ እየኖረ ነው። ከዚህ ስልክ ከወጣ ተመልሶ አይገባም።

የሰው ማስረጃ አላሟላችሁም ብዬ ስንቱን ስመልስ ኖሬ፣ የራሴን አላሟላሁም።

ጥቅምት 8

አብነት ሰፈር፣ ስልክ ጠጋኙ ቢላል ጋ ሄድኩ። ከአልጋ በማትሰፋ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፤ እጁ ጥሩ ነው፣ አፉም አያርፍም። ስልኩን አገላብጦ አይቶ «እትዬ የሻረግ፣ ካረጁ አይበጁ እኮ ነው» አለኝ።

«ለማን ነው?» አልኩት።

«ለስልኩ ነዋ!» ብሎ ሳቀ።

የቻርጀር መግቢያውን ጠረገልኝ፤ ምክርም ሰጠኝ። ማሻሻያ ልጫን ካለ እምቢ ይበሉት። «ውጣ» የሚለውን በስህተት እንኳ እንዳይነኩ። ፀሐይ አያስመቱት፤ ባትሪው ማበጥ ጀምሯል። ሌላ አፕ ካለ ያጥፉለት፣ ለአንዷ ብቻ አቅም ይኑረው።

«ከታኅሣሥ 23 በኋላስ?» አልኩት።

«ከዚያ በኋላማ እኔም ቢላል ነኝ እንጂ ነቢይ አይደለሁም» አለኝ።

ጥቅምት 14

ቦታ ሞልቷል አለ፤ ቦታ ከሌለ የሃኒ ድምፅ አይወርድም። ፎቶ ማጥፋት ነበረብኝ። የሸዋንግዛውን የተዝካር ፎቶዎች በሙሉ አጠፋሁ፣ ከዚያ የእሱን ሌሎቹንም። መቶ ምናምን ይሆናሉ። የጠፋው ለቦታው ተብሎ ነው። ቀለል ብሎኝ ዋልኩ።

ጥቅምት 20

ሃኒ ደወለች። ወንበሬን ከጎረቤቴ ከጠጅቱ ጋር የሚያዋስነን ግድግዳ ስር አድርጌ ነበር፤ የእሷ ዋይፋይ የሚደርሰው እዚያ ብቻ ነው።

ድምጿ ጎርነን ብሏል። ጉንፋን ነው አለች። ስለ ሥራው ጠየቅኳት፣ ስለ ምግቡ ጠየቅኳት፣ ሁሉንም ደህና ነው አለች። ከዚያ «የማዳም ወንድም መጥቷል፣ እዚሁ ነው የሚቀመጠው» አለች።

«ታዲያ እንግዳ ነው፣ ያልፋል» አልኳት።

«እማ፣ የእኔ ክፍል ቁልፍ የለውም።»

«ሻንጣሽን ከበሩ ኋላ አድርጊዋ» አልኳት።

«አድርጌያለሁ።»

«እንግዲያው ቻይው። ሰባት ወር ምን አላት? ኮንትራቱን ሳይጨርሱ የሚወጡት የት እንደሚወድቁ ታውቂያለሽ። ሰውስ ምን ይላል?»

«እሺ እማ» አለች። እሺ ስትል የልጅነት ድምጿ ነው።

ምን ልበላት? ከቤት የወጡ ልጆች ታስረዋል፣ ጠፍተዋል፣ ሲመለሱም አይተናል። እኔም ሸዋንግዛውን ሃያ ሁለት ዓመት ችዬው ኖሬያለሁ። ምን ጎደለብኝ? ሁለት ጥርስ። እሱም ከኋላ ስለሆነ ሰው አያይም።

ጥቅምት 27

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፣ የእኔ ግን ዛሬ ሰማ። ደረጃ ስወጣ ጠጅቱ ከላይ ለአንዷ ስታወራ፦ «ልጅቷ እኮ ፀጉር ሥራ ልማር ብላ ነበር። እሷ ናት እጇን ይዛ ደላላው ጋ የወሰደቻት።»

ውሸት ነው። እጇን አልያዝኩም። እኔ ከፊት ከፊት ነበር የምሄደው።

ኅዳር 3

የስልኩ ጀርባ አልገጥም ብሎ በላስቲክ አሰርኩት። ቢሮ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬው እውላለሁ። ኃላፊያችን አቶ ሀብተ ማርያም «ወይዘሮ የሻረግ፣ መዝገብ ቤት ነው ወይስ ስልክ ቤት?» አሉኝ ሰው ፊት። አንገቴን ደፋሁ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ከአንድ ድርጅት ደብዳቤ ይዞ መጣ። ቀኑ ላይ 2025 ብሎ ጽፏል፣ እ.ኤ.አ. የለበትም። «የማን 2025 ነው? እኛ እኮ ገና 2018 ላይ ነን» ብዬ መለስኩት። በዚህ በኩል ማንም አያልፈኝም። አቶ ሀብተ ማርያምም እያዩ ነበር፤ ራሳቸውን ነቀነቁልኝ።

ኅዳር 11

ከሃኒ ድምፅ መጣ። ዘጠኝ ሰከንድ።

«እማ ሰላም ነኝ። ሻንጣው አልቻለም።»

ሌላ የለውም። ደጋግሜ ሰማሁት። ምን ማለቷ ነው? ዕቃ አብዝታበት ተቀዶ ይሆናል። ስትመለስ ሌላ እንገዛለን።

ኅዳር 12

ሻንጣው ያለችው ነገር ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። ሚካኤልን ተሳልሜ ገባሁ። ለጠጅቱም ለማንም አልነገርኩም። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 18

ስልኩ ጠፋ። አብጦ ጀርባውን ገፍቶ ላስቲኩን በጥሶታል። ነገ በምሳ ሰዓት ቢላል ጋ። ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እንዳትደውል።

ኅዳር 19፣ ቢሮ፣ በጥድፊያ

ከሜክሲኮ አብነት በእግሬ፣ በሩጫ። ቢላል ከሞተ ስልክ ባትሪ አውጥቶ ገጠመልኝ። በራ! ጁምዓ ደርሶበት ሱቁን እየዘጋ ነበር። «ባትሪው ሲወጣ ቀኑ ጠፍቷል፤ ገብተው ቀንና ሰዓቱን በትክክል ይሙሉት፣ ያለዚያ አይገናኝም» ብሎኝ ሮጠ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነኝ። የዛሬ ስድሳ ደብዳቤ ማኅተም ይጠብቀኛል። ቀኑን ሞላሁት፦ 19፣ 03፣ 2018። ሰዓት ስምንት ከሃያ። በትክክል።

ኅዳር 21

ጽዮን ማርያም ናት። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግድግዳው ስር ዋልኩ። አፑ «በመገናኘት ላይ» ይላል፣ ክቧ ነገር ትዞራለች። ዋይፋዩ ደክሞ ይሆናል።

ኅዳር 23

በመገናኘት ላይ።

ኅዳር 24

ጠጅቱን «የዋይፋዩን ቁልፍ ቀየርሽብኝ?» ብዬ በሯ ላይ ቆሜ ጠየቅኳት። «እኔ ልቀይርብሽ የሻዬ? የልጅሽን መስመር ልዘጋ?» አለችኝና ዓይኗ እንባ ሞላ። የደረጃውን ወሬሽን ሰምቻለሁ አልኳት። በሩን ዘጋሁት፤ የእሷን በር፣ እሷ ላይ።

ኅዳር 26

ዛሬ ዓርብ። በመገናኘት ላይ። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት፣ ጠርጌ አበራሁት፣ ጸሎት አድርጌ አበራሁት። ቀኑን አየሁት፣ ልክ ነው። ሰዓቱም ከቢሮው ግድግዳ ሰዓት ጋር እኩል ነው። አርጅቶ ይሆናል፤ ጃንዩወሪን ሳይጠብቅ ደክሞት ይሆናል።

መጥፎ ወሬ ክንፍ አለው፣ ቢኖር ይደርሰኝ ነበር። ዝም ያለችው ደህና ብትሆን ነው።

እውነት ለመናገር ስልኩ ዝም ካለ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ታኅሣሥ 1

በዝርዝር ልጻፈው።

ቢላል ጋ ሄድኩ። ስልኩን ተቀብሎ አየው፣ እኔን አየኝ፣ መልሶ ስልኩን አየ። ከዚያ ሳቁ መጣ። «እትዬ! ስልኩን ሀበሻ አደረጉት እኮ! 2018 ብለው? ስልኩ በፈረንጅ ነው የሚያስበው። ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ሄዶ ተቀምጦ ከማን ጋር ይገናኛል? ሰዓቱንም በእኛ! እሁድ ጠበል ውሰዱኝ እያለ ነው እኮ!»

እኔም ሳቅኩ። ሳቅኩ ብዬ እጽፋለሁ፤ ስለሳቅኩ።

እሱ 2025 ብሎ ሲሞላው ክቧ መዞሯን አቆመች። ከዚያ ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ጮኸ። አራት ድምፅ፣ ያልተነሳ ጥሪ ሰባት። ቢላል ድምፁን ከፈተው። መዝጋት ነበረብኝ፤ አልዘጋሁትም።

የኅዳር 21 እንዲህ ይላል፦ «እማ፣ ላይኛው ፎቅ ዙሃራ የምትባል የስልጤ ልጅ ትሠራለች። ኮንትራቷን ጨርሳ ዓርብ ትሄዳለች። የሚወስዷት ሰዎች መጠለያ አላቸው፣ አንቺንም ይዘንሽ እንሂድ ብላኛለች። ዓርብ ማዳም ሐኪም ጋ ትወጣለች፣ በሩ አይቆለፍም። ብወጣ ይሻላል? አንቺ በይኝ።»

የኅዳር 23፦ «እማ ሰማሽው? እስከ ሐሙስ በዙሃራ ስልክ ነኝ፣ በዚህ መመለስ ትችያለሽ። ደውዪ። ግድ የለም ደውዪ።»

የኅዳር 24 ድምፅ የለውም። ትንፋሽ ነው፣ ከዚያ በር።

የኅዳር 25፦ «እማ፣ ካልመለስሽልኝ ቅሪ ማለትሽ ነው። ያው ስትዪኝ የነበረውም እሱን ነው። እሺ። አትጨነቂ።»

ቢላል መሣሪያውን አስቀመጠ። «ያ አላህ» አለ። «የእኔ ጥፋት ነው እትዬ፣ ራሴ ሞልቼ መስጠት ነበረብኝ።»

«ነበረብህ» አልኩት። ይህን ማለት አልነበረብኝም። ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ።

እዚያው ቆሜ ድምፅ ላክሁ፦ «ውጪ ልጄ! ውጪ! ስልኩ ነው፣ አልሰማሁሽም!» አንድ ምልክት ብቻ ነው ያወጣው፤ ሁለተኛው አልመጣም። ዙሃራ ሄዳለች፣ ቁጥሩም ከእሷ ጋር ሄዷል።

የማን 2025 ነው ብዬ ሰው ስመልስ የነበርኩት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ፣ በመዝገብ ቤት እጄ።

ታኅሣሥ 2

ለሚመለከተው ክፍል ላመለክት ሄድኩ። ቅጽ ሰጡኝ። የአሠሪ ሙሉ ስም። የአሠሪ አድራሻ። እኔ የማውቀው «ማዳም» የሚለውን ብቻ ነው። ጎደሎ ቅጽ ነው ብላ ቅጽ ተቀባይዋ መለሰችልኝ። በትሕትና ነው የመለሰችው፣ እኔ እንደምመልሰው።

ታኅሣሥ 5

ሁሉም ሰምቷል። ጠጅቱ መጥታ እግሬ ላይ ልትወድቅ ነበር፣ የበደልኳት እኔ ሆኜ። አስገብታኝ ራውተሩ አጠገብ አስቀመጠችኝ፤ «ከእንግዲህ ግድግዳ ስር አትቀመጪም» አለች። አቶ ሀብተ ማርያም ሳይቀሩ «የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የስልኩ ነው። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የምሞላው» አሉኝ። የዓመት ፈቃዴን ፈረሙልኝ።

የስልኩ ነው ይላሉ። እኔም የስልኩ ነው እላለሁ። ቀኑን እንዴት እንደሞላሁት፣ ቢላል ምን እንዳለኝ፣ አንዲት ሳላስቀር ለእያንዳንዱ ጠያቂ እናገራለሁ። እየተናገርኩት ይቀለኛል።

ታኅሣሥ 8

ዛሬ ብቻዬን ሆኜ አንድ ነገር ሞከርኩ። ቀኑን በትክክል እንደሞላሁት አሰብኩ። ኅዳር 21፣ ከጽዮን መልስ፣ ግድግዳው ስር ነኝ፤ ስልኩ ይጮኻል፤ «ብወጣ ይሻላል? አንቺ በይኝ» ትለኛለች።

የምመልስላትን አውቃለሁ። መፈለግ አላስፈለገኝም። ስድስት ወር ምን አላት፣ የማታውቂያቸውን ሰዎች አምነሽ የት ትሄጃለሽ፣ ሁሉም ያልፋል፣ ቻይው።

እሺ እማ ትለኝ ነበር።

ሻንጣው ምን እንዳልቻለም አውቃለሁ። ኅዳር 11 ቀንም አውቄው ነበር።

ታኅሣሥ 14

በራሴ ስም መስመር አወጣሁ፣ አዲስ ስልክም ያዝኩ። አሁን ቁጥር አለኝ፤ ልጄ ግን አታውቀውም። የምነግራት ደግሞ በአሮጌው ብቻ ነው፣ እሷ ከደወለች ብቻ። ዘጠኝ ቀን።

አሮጌው ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ይጠፋል፤ ቻርጀር ላይ ተክዬው ቀጥ አድርጌ በእጄ ካልያዝኩት አይሞላም። ጠጅቱ ምሳ ስበላ ትይዝልኛለች።

ታኅሣሥ 19

ገብርኤል። አልሄድኩም። ከጠጅቱ መስኮት ተሳለምኩ። አራት ቀን።

ታኅሣሥ 20

አፑ አሁን በከፈትኩት ቁጥር ያስጠነቅቀኛል። አውቄያለሁ አልኩት።

ታኅሣሥ 21

ደወለች።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ጠጅቱ እጅ ላይ ነበር ስልኩ፤ ሲጠራ እሷ ጮኸች፣ አቀበለችኝና ወጥታ በሩን ዘጋችልኝ።

«እማ፣ የበረኛው ስልክ ነው፣ ዕቃ ሊያደርስ ገብቶ ነው፣ ጊዜ የለኝም።»

መጀመሪያ ቁጥሩን አልኳት። ይህ ስልክ ነገ ከነገ ወዲያ ይዘጋል፣ አዲሱን በቃልሽ ያዢ። አንድ በአንድ ነገርኳት፣ አንድ በአንድ መለሰችልኝ፣ እንደገና ከመጨረሻው አስጀመርኳት፤ አልሳተችም። ልጅ ሆና የማባዛት ሰንጠረዥ የማስጠናት እንደዚያ ነበር።

«ዙሃራስ?»

«ሄደች። ታች መኪናው ውስጥ ሆና ጠበቀችኝ። መስኮት ላይ ቆሜ አየኋት።»

«አሁን ውጪ ልጄ። አሁንም ውጪ።»

«አሁንማ በሩ ከውጭ ነው የሚቆለፈው፣ ዙሃራ ከሄደች ወዲህ።»

«እሱስ? ሰውየው?»

«አለ።»

ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

«እማ፣ ስልክሽ ተበላሽቶ ነበር አይደል? የላክሁት አልደረሰሽም?»

«አልደረሰኝም። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ሞልቼው፣ አሥራ ሁለት ቀን ዘግቼው ነበር።»

ሳቀች። እግዜር ያውቃል፣ ሳቀች። «በእኛ? እማ ሙች? የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ!»

«አዎ» አልኳት።

«እኔ እኮ ዝም ስትዪኝ ቅሪ ያልሽኝ መስሎኝ ነበር። በዚያ ብቻ ነው የከፋኝ፣ በሌላው አይደለም።» ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ቢደርስሽ ኖሮ ነዪ ትዪኝ ነበር አይደል?» አለችኝ።

«እንዴታ! ነዪ እልሽ ነበር» አልኳት።

«አውቄያለሁ» አለች። ድምጿ ቀለል አለ።